ሞላ ሲቀመጥ ምን ይገዛል? የአንባቢያን ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልዎ። ፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን አለችኝ፤ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት። አባቴ ነው ያወረሰኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆች ትምህርት ቤት አመላልስባታለሁ። ቅዳሜ የኋላ ወንበሮቹን አጥፌ፣ ከረዳቴ ጋር ሸዋ ሮቢት ወርጄ አምስት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ እመለሳለሁ። አሁን ኋላዋ ቁጭ ብሏል። ባዶ ሆና እንኳ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ ነው የምትቆመው። ጭኜ የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ ጉድጓድ ባገኘሁ ቁጥር ከሥር “ጓ” ይላል። አንዱ መካኒክ በሞላው (መኪናዋን በሚሸከመው ጥቅል ብረት) ዙሮች መሀል ጎማ እንወትፍበት አለኝ። ሌላው የላንድ ክሩዘር ሞላ እናስገባ አለ። መለዋወጫ ሻጩ “የ504 ሞላ አለኝ፣ ሁለት ፍሬ ነው፣ ይዘሽ ሂጂ” አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ሾኩን ቀይሪው፣ ይበቃል ይላል። የማንን ልስማ?
ባለ ፔጆዋ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሻጩ ልጀምር። ገንዘብሽን ቶሎ የሚያስወጣሽ እሱ ነውና። ሁለት ፍሬ ያለሽ ሞላ የአውቶሞቢሉ 504 ነው፤ የአንቺ አይደለም።

ሁለቱ መኪኖች ከፊት ሲታዩ አንድ ናቸው። ከኋላ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። የአውቶሞቢሉ የኋላ እግሮች በአብዛኛው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። በየጎኑ አንድ አንድ ሞላ አለው። የስቴሽን ዋገኑ ግን ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ አክስል ነው። እላዩ ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላ ተቀምጧል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ራሱ ይለያያል። አውቶሞቢሉ 2.74 ሜትር ሲሆን የአንቺ 2.90 ሜትር ነው። ጭነት እንድትሸከም ተብላ የተሠራች መኪና ናት። “504 እኮ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈ ብረት ነው” የሚሉሽ አይጠፉም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ኬንያ ላይ አሸንፏል። ያሸነፈው ግን አውቶሞቢሉ ነው። የእሱ የኋላ ሞላ ለአንቺ አክስል አይሆንም።

ሻጩ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። “የ504” ብለሽ ከጠየቅሽው “የ504” ይሰጥሻል። አንቺ “የስቴሽን ዋገን፣ የኋላ፣ አራት ፍሬ” ብለሽ ጠይቂ። ሶማሌ ተራ የምትልኪው ሰው ካለም እንዲሁ አስጠይቂው። አሮጌውን አንዱን ፈትተሽ አስይዘሽ ብትልኪው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ሾክ መኪና አይሸከምም። የሚሸከመው ሞላው ነው። የሾክ ሥራ የሞላውን መወዛወዝ ማረጋጋት ነው። ኋላዋን በሁለት እጅሽ ተጫኚና ልቀቂ። አንዴ ተነስታ ከቆመች ሾኩ ደህና ነው። ሁለቴ ሦስቴ ከተወዛወዘች ደክሟል፤ ዘይት አፍስሶ ታዪውም ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ይቀየር። ቁጭ ያለውን ኋላዋን ግን አዲስ ሾክ አያነሳውም።

ጎማ ስለመወተፉ፦ እባክሽ እንዳታደርጊው። ሞላ የሚሠራው ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እየተጠማዘዘ ነው። በሁለት ዙር መሀል ጎማ ስትሰነቅሪ ያ ቦታ መሥራት ያቆማል። የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ዙሮች ይወስዳሉ። ጋራዣችን እንዲህ ተደርጋ የመጣች መኪና ነበረች። አሮጌ ጎማ በቢላ ተቆርጦ፣ በሽቦ ታስሮ፣ በሞላው መሀል ተወትፏል። ጎማውን ስናወጣው ከሥሩ ያለው ብረት ቀለሙ ተፍቆ አልቋል። ውሃና ጭቃ እዚያው ታቁሮ ዝገቱ ጎድጎድ ጎድጎድ አድርጎታል። ከዚያች ጎድጓዳ የተነሳ ስንጥቅ ብረቱን ግማሽ ድረስ በልቶት ነበር። ባለቤቱ በዚያው ቁልቁለት ይወርድባት ነበር። ብረቱ መንገድ ላይ ቢሰበር ኖሮ ሹል ጫፉ በቀጥታ ወደ ጎማው ነው የሚሄደው።

አሁን ዋናው ነገር ይኸው። ሞላ ሲቀመጥ ሰው “ላላ” ይላል። አልላላም፤ ያጠረ ነው። የሞላ ጥንካሬ የሚመጣው ከብረቱ ውፍረት፣ ከጥቅሉ ስፋትና ከዙሮቹ ብዛት ነው። ሦስቱም በዕድሜ አይለወጡም። 100 ኪሎ ስትጭኚበት ድሮ የሚወርደውን ያህል ዛሬም ይወርዳል። የተለወጠው መነሻ ቁመቱ ነው። ከአቅሙ በላይ እየተጫነ፣ ዙሩ ከዙር እስኪነካ እየተጨፈለቀ፣ ወደ ቀድሞ ቁመቱ መመለስ አቅቶታል። ስለዚህ የአንቺ መኪና የሚያስፈልጋት ቁመቱን ያልጣለ፣ የራሷው ዓይነት ሞላ ነው። ሁሉም ሰው “ጠንከር ያለ አስገቢ” የሚልሽ ይህን ስለማይለይ ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ ሞላዎች ተደምረው በየሚሊ ሜትሩ 2 ኪሎ ይሸከማሉ እንበል። ባዶዋ መኪና በዚያ ጎን 300 ኪሎ ብታሳርፍባቸው 150 ሚሊ ሜትር ይወርዳሉ። አክስሉ አናት ላይ ሁለት ኩንታል ስትጨምሪ በየጎኑ 100 ኪሎ ይደርሳል። ተጨማሪ 50 ሚሊ ሜትር ይወርዳሉ። አሁን በሩብ የጠነከረ ሞላ አስገባሽ እንበል፤ በየሚሊ ሜትሩ 2.5 ኪሎ የሚሸከም። ያው ሁለት ኩንታል 40 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል። ያተረፍሽው 1 ሳንቲ ሜትር ነው። አምስት ኩንታል ብትጭኚ ደግሞ ትርፍሽ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የአሁኑ ሞላሽ 3 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ከሆነ ግን፣ የራሷን አዲስ ሞላ በማስገባት ብቻ ሦስቱንም ሳንቲ ሜትር ትመልሻለሽ። ያውም ጭነሽም፣ ባዶ ሆነሽም።

ከዚሁ ምሳሌ ሌላ ነገር ታገኛለሽ። ጠንካራው ሞላ በ300 ኪሎ 120 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚወርደው። ስለዚህ መኪናዋን እኩል ከፍታ ላይ ለማቆም ጠንካራው ሞላ በ30 ሚሊ ሜትር አጭር ሆኖ ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሞላ ጎን ለጎን አቁመው “ይሄ ይረዝማል፣ ይሄ ይሻልሻል” ሲሉሽ አትቀበዪ። የቆመ ሞላ ቁመት ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

የላንድ ክሩዘሩ ሞላ ለምን እንደማይሆን አሁን ይገባሻል። ላንድ ክሩዘር ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ነው። የአንቺ ባዶዋን 1.3 ቶን ገደማ ናት። በብረት ውፍረት ደግሞ ትንሽ ልዩነት ብዙ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ብረቱ ከ13 ሚሊ ሜትር ወደ 14 ቢያድግ ሞላው በሲሶ ያህል ይጠነክራል። የሞላው ስፋትም ከመቀመጫው ጋር አይገጥምም። “በብየዳ አስተካክለን እናስቀምጠዋለን” ይሉሻል። ሞላ አጠገብ ብየዳ አታስደርሺ። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። በኦክሲጅን ቆርጦ ማሳጠርም፣ አግሎ መሳብም እንዲሁ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የቅዳሜው ሽንኩርት አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትጭኛቸው ልጆች ናቸው። ከመጠን በላይ የጠነከረ ሞላ ባዶ ወይም ቀላል መኪና ሥር ሲሆን ኋላዋ መንገድ ላይ ይዘላል። በዘለለች ቁጥር ጎማው መሬት ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በመሀሉ ያለውን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዢ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላው ይቀላል። ኋላውን በጠንካራ ሞላ ሰቅለሽ፣ ባዶዋን፣ ነሐሴ ላይ፣ ጉም በዋጠው እርጥብ አስፋልት ብትወርጂ ኋላዋ ቶሎ ይንሸራተታል። በሳምንት አንድ ቀን ለሚጫን ጭነት ብለሽ አምስቱን ቀን አታበላሺ።

ስለዚህ ምርጫሽ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለ504 ስቴሽን ዋገን የተሠራ፣ የፋብሪካውን ጥንካሬ የጠበቀ አዲስ ሞላ። አራቱም ባንዴ ይቀየሩ። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር መኪናዋን ያጋድላታል። ሁለተኛ፣ ካገኘሽ፣ ዙሮቹ በአንድ በኩል ጠበብ፣ በሌላ በኩል ሰፋ ብለው የተጠቀለሉበት ሞላ። ጠበብ ያሉት ዙሮች ጭነት ሲመጣ ቀድመው ይገጥማሉ። ከዚያ በኋላ ሞላው ይጠነክራል። ባዶዋን ለስላሳ፣ ተጭና ጠንካራ ትሆናለች። የአንቺን ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ሰው እኔ ይህን እመርጥለታለሁ። ሦስተኛ፣ “የተጠናከረ” የሚባለው። ከፋብሪካው ከ15 እስከ 20 በመቶ የጠነከረ ከሆነ ዘወትር ጭነት ለሚጭን ሰው ይሆናል። አንቺ ዘወትር አትጭኚም። ያገለገለ ሞላ ከፈራረሰ መኪና ላይ መግዛት ግን አልመክርሽም። ያም የሌላ ሰው ጭነት ቁጭ ያደረገው ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ለኪ። ሳትለኪ አትግዢ። ደልዳላ ቦታ አቁሚያት። ነዳጅ ሙሉ፣ የጎማ ነፋስ ልክ፣ ፖርቶ መጋላውም ውስጡም ባዶ ይሁን። ጥቂት ወዲያ ወዲህ ንጃት፤ ኋላዋን ነቅነቅ አድርጊና ይረጋጋ። ከዚያ ከጎማው መሀል፣ ከቸርኬው እምብርት ማለት ነው፣ ቀጥ ብለሽ ከላዩ እስካለው ፓራፋንጎ (ጎማውን የሚከልለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ለኪ። ከመሬት ጀምረሽ ብትለኪ የጎማው ማርጀትና ነፋሱ ያሳስቱሻል። ግራውንም ቀኙንም ጻፊ። ግራና ቀኙ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ በአንዱ ጎን የተሰበረ ሞላ ፈልጊ።

አሁን ባለ 50 ኪሎ አራት ከረጢት አምጪ። ሲሚንቶም ይሁን እህል። ልክ አክስሉ አናት ላይ ደርድሪና እንደገና ለኪ። 200 ኪሎው ስንት ሚሊ ሜትር እንዳወረዳት ታያለሽ። 50 ሚሊ ሜትር ከወረደች ሁለቱ ጎን ተደምሮ በየሚሊ ሜትሩ 4 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ይህችን ወረቀት ያዣት። አዲሱ ሞላ ሲገባ ይኸው መለኪያ ይደገም። ባዶዋን ስትሆን ከፍ ካለች፣ በ200 ኪሎ የምትወርደው ግን ያው ከሆነ፣ የሚገባሽን ሞላ አግኝተሻል። መውረዷ በግማሽ ከቀነሰ የሌላ መኪና ሞላ ሸጠውልሻል።

ሥሯም ግቢና እዪ። ወይም መካኒኩ ባትሪ አብርቶ ያሳይሽ። መጀመሪያ የሞላውን የታችኛውን ጫፍ። መቀመጫው ላይ ጭቃ ይጠራቀማል፤ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ፣ የመጨረሻዋ ዙር ላይ ነው። ጭቃ ስለሚሸፍናት ተሰብራ እንኳ ወራት ትቆያለች። ቀጥሎ ዙሮቹን። ብረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ የተፈጨ የመሰለ ቦታ ካለ ዙሩ ከዙር እየተጋጨ ነው። ቀጥሎ አክስሉ ከቦዲው እንዳይጋጭ የሚቀበለውን ወፍራም ጎማ። “ጓ” የሚልሽ እሱ ነው፤ ወይም እሱ አልቆ ብረት ከብረት። ተሰንጥቆ ከሆነ ከሞላው ጋር አብሮ ይቀየር።

ሱቅ ስትሄጂ ካሊፐር የያዘ ሰው ይዘሽ ሂጂ። የብረቱን ውፍረት ለኩ። የአሮጌውን ቀለም ፍቃችሁ ለኩ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀለም ሒሳቡን ያበላሻል። ዙሮቹን ቁጠሩ። የጥቅሉን ስፋት ለኩ። ጫፉ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ክፍት የሚለውን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። የአክስሉ የፊት ሞላና የኋላ ሞላ ሲፈቱ ምልክት ይደረግባቸው፤ አዲሶቹም በየቦታቸው ይመሳከሩ። የመኪናሽ መለያ (ሻንሲ) ቁጥር የተጻፈበትን የፋብሪካ ሰሌዳም ፎቶ አንሺና ያዢ። ሻጩ ካታሎግ ካለው ከዚያ ነው የሚፈልገው።

ስለ ሰሌዳው ካነሳን አይቀር፣ እዚያው ላይ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት አለ። ከዚያ ላይ የባዶዋን ክብደት ቀንሺ። አምስት ኩንታል 500 ኪሎ ነው። አንቺና ረዳትሽ ስትጨመሩ 640 ገደማ ትደርሳላችሁ። ከተፈቀደው ካለፈ አንድ ኩንታል ይቅር፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተመላለሺ። ሞላ መቀየር የመጫን አቅም አይጨምርም። ፍሬኑ፣ ኩሽኔታውና ጎማው የቀድሞዎቹ ናቸው። አደራደሩም ወሳኝ ነው። ከባዱ ከረጢት ከአክስሉ ወደ ፊት፣ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ይሁን። ከአክስሉ አልፎ ጭራ ላይ የተቀመጠ ኩንታል አክስሉን ከ100 ኪሎ በላይ ነው የሚጫነው። ፊቱን እያነሳ ስለሆነ መሪው ይቀልሻል። ቀለለኝ ብለሽ ደስ አይበልሽ፤ የፊት ጎማ መሬት አልጨበጠም ማለት ነው።

ሲገጠም ብዙ ጣጣ የለውም። ግን ቅደም ተከተል አለው። መኪናዋ ቦዲዋ ሥር በብረት ቋሚ ትቁም። በክሪክ ብቻ ተሰቅላ ማንም ሥሯ አይግባ። አክስሉ በሌላ ክሪክ ይደገፋል። ሾኮቹ ከታች ይፈታሉ። ከዚያ አክስሉ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሞላዎቹም ይላቀቃሉ። እዚህ ላይ የፍሬኑን የጎማ ቱቦ እዪ። ብዙ መካኒክ አክስሉን ሲያወርድ ቱቦውን ይረሳዋል። አክስሉ በቱቦው ላይ ከተንጠለጠለ ውስጡ ይቀደዳል። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ቁልቁለት ላይ ነው የሚያጋልጥሽ። ሞላዎቹ የሚቀመጡበት ጎሚኒ አዲስ ይሁን። የአክስሉ ማያያዣ ቡሎኖች ከተፈቱ በደንብ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተሰቅላ እያለች ከጠበቁ ጎሚኒዎቹ ተጠማዝዘው ይቀራሉ፤ ቶሎም ይበጣጠሳሉ።

ሁለት ነገር ሳይረሳ። ኋላዋ ከፍ ስትል የፊት መብራቱ ዝቅ ይላል። ይስተካከል። እስካሁን አፍንጫዋ ተሰቅሎ ስትሄጂ መብራትሽ በጉም ውስጥ የመጪውን ሹፌር ዓይን ሲወጋ እንደነበር አትጠራጠሪ። ሁለተኛው የፍሬን ነገር ነው። ብዙ ስቴሽን ዋገኖች ላይ ከአክስሉ የሚነሳ ዘንግ አለ። ጫፉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት የሚቆጣጠር ቫልቭ ላይ ይገባል። ኋላው ዝቅ ሲል ቫልቩ “ተጭኗል” ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። ከፍ ሲል ይቀንሳል። ሞላ ሲቀየር ከፍታው ስለሚለወጥ ይህ ዘንግ እንደገና መስተካከል አለበት። የመኪናሽ ሥር ካለ መካኒኩን ጠይቂው። ካልነገርሽው ላያየው ይችላል።

ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ እንደገና ለኪ። አዲስ ሞላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቀመጣል። አትደንግጪ። የፊት ጎማዎቹን ሞላ ደህና ከሆነ አትንኪው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ነኝ። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ስቴሽን አለኝ። ኋላው ባሌስትራ ነው፤ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች። ማሾና ሽንኩርት እጭናለሁ። ከአይሱዙ ባሌስትራ አንድ ቅጠል ቆርጠን እንጨምርበት ይሉኛል። ልጨምር?
ሹፌሩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅጠል መጨመሩ ክፉ ሐሳብ አይደለም። የአይሱዙውን ግን ተወው። የባሌስትራ ጥንካሬ በውፍረቱ በጣም ይወሰናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ወፍራም ቅጠል ከቀጫጭኖቹ ጋር ስታስር ጭነቱን ብቻውን ይይዛል፤ የቀሩት ተከትለው ብቻ ይሄዳሉ። ቅርጹም ከእነሱ ጋር ስለማይገጥም ዋናውን ቅጠል ማሰሪያው አጠገብ ይሰብረዋል።

ከራሱ ከዲኤክስ ስቴሽን ባሌስትራ ላይ የወጣ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ አንድ ቅጠል ፈልግ። ከአውቶሞቢሉ ዲኤክስ አታገኝም፤ የእሱ ኋላ ሞላ ነው። አራት ቅጠል ላይ አንድ እኩል ቅጠል ስትጨምር ጥንካሬው በሩብ ገደማ ያድጋል። ያ ይበቃሃል። ሁለቱም ጎን እኩል ይጨመር። ባሌስትራውን አስፈትቶ በመዶሻ ማስቀጥቀጥም አለ። ይነሳል፤ ነገር ግን ጭነት ሲበዛበት ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ የምፈቅደው አዲስ እስክታገኝ ድረስ ብቻ ነው።

ሲታሰር የመሀሉ ቡሎን አዲስ ይሁን። አክስሉን አቅፈው የሚይዙት የ“ዩ” ቅርጽ ቡሎኖች ደግሞ ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ እንደገና ይጥበቁ። ቅጠሎቹ መሀል ያለው ዝገትና አቧራ ሲፈጭ ስለሚላሉ ነው። ሸዋ ሮቢት አቧራው ብዙ ነው። የላላ ቡሎን የመሀሉን ቡሎን ይቆርጣል። ያኔ አክስሉ ይንሸራተትና መኪናው አግድሞ መሄድ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ከመንዝ፣ መሀል ሜዳ ነው የምጽፈው። ጡረተኛ ነኝ። ላዳ 2104 ስቴሽን አለኝ። አንዱ የፊት ሞላ ስለተሰበረ ልጄ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ላከልኝ። የተላከው ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ነባሩ ላይ ያለው ቢጫ ነው። ልዩነት አለው?

መልስ፦ አባቴ፣ አለው። ደግ አደረጉ መጠየቅዎ። የላዳ ሞላ ከፋብሪካ ሲወጣ በእኩል ጭነት ተለክቶ በሁለት ይከፈላል። ቢጫው በዚያ ጭነት ረዘም ብሎ የሚቆመው ነው። አረንጓዴው አጠር የሚለው። ሁለቱንም መጠቀም ይቻላል፤ ግን ግራና ቀኝ አንድ ቀለም መሆን አለባቸው። በአንድ ጎን ቢጫ፣ በሌላው አረንጓዴ ካስገቡ መኪናው ያጋድላል፤ ወደ አንድ ጎንም ይጎትትብዎታል።

ልጅዎ ሌላ አንድ አረንጓዴ ይላክልዎ። ያልተሰበረው ነባሩም ከተሰበረው ጋር ያረጀ ስለሆነ ጥንድ አድርጎ መቀየሩ ይሻላል። ሻጩ የሚሰጠው የፊት ሞላ መሆኑን ልጅዎ ያረጋግጥ፤ የላዳ የፊትና የኋላ ሞላ አይቀያየሩም።

አንድ ነገር አደራ። የላዳ የፊት ሞላ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። ሲፈታ መጨመቂያ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል። መሀል ሜዳ ላይ ባይገኝ፣ በገመድ ወይም በሽቦ አስረን እናወጣዋለን ለሚል ሰው እንዳይሰጡ። ገመዱ ቢበጠስ ሞላው ተወንጭፎ ሰው ይገድላል። ሁለቱ ሞላዎች ከደረሱዎ በኋላ መኪናዋን ደብረ ብርሃን ያምጧት፤ መሣሪያው ባለበት ጋራዥ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። ሞላው ተሰብሮ ሳለ ግን አይንዷት፤ በጭነት መኪና ያስጭኗት።